እንብላ የማይባልበት

እኛ ዘንድ ሰው እያየው ብቻውን የሚጎርስ የለም። ማዕድ ቀርቦ በደጅ ያለፈ ሁሉ «እንብላ» ይባላል፤ አላፊውም «ይባረክ» ብሎ ይሄዳል፣ ወይ ጎንበስ ብሎ አንድ ጉርሻ ይቀምሳል። ይህን ሕግ አባቴ ከጎጃም ወደ ኪራሙ ሲመጣ ይዞት መጣ። ለካ ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ቀድሞውኑ ኖሯል፤ እነሱ «ኮቱ ኛዹ» ይላሉ፣ ና ብላ ማለት ነው። በዚህ ሕግ ስልሳ ስምንት ዓመት ኖሬ፣ በዚሁ ሕግ እግሬን ላጣ አንድ ፊርማ ነበር የቀረኝ። እሱን ልንገራችሁ ልጆቼ፤ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ገብረክርስቶስ እባላለሁ። ኪራሙ ሳለሁ ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ ነበርሁ። ባለቤቴን እዚያው ቀበርኋት፤ አገሩ ሲረበሽ ደግሞ መጥረቢያዬንና መሮዬን በጆንያ ቋጥሬ ነቀምቴ ገባሁ። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ እምነት፤ ቡሬ አግብታ ትኖራለች። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የሚደርሰኝ ድምፅዋ ነው፣ እሱም ኔትወርክ ሲኖር። ነቀምቴ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በርጩማ እየጠረብሁ እሸጥ ነበር።

አንድ ቀን መሮው አምልጦኝ ቅልጥሜን ወጋኝ። ትንሽ ቁስል ናት፤ ናቅኋት። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ከሱቅ ካፕሱል ገዝቼ ለሁለት ከፍዬ ዱቄቱን ነሰነስሁባት። ላይዋ ደረቀ። «ዳነች» ብዬ ሥራዬን ቀጠልሁ። ለካ ላይዋ እየሳቀልኝ ታችዋ ይቆፍር ኖሯል። በሁለተኛው ወር እግሬ አብጦ እንደ ፍም አቃጠለኝ፤ ትኩሳቱም አስቀባጠረኝ። አከራዬ በባጃጅ ሆስፒታል አድርሰውኝ፣ ካርድ አውጥተውልኝ፣ «እግዜር ይማርዎ» ብለው ተመለሱ። ምን ያድርጉ፤ እሳቸውም የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። አንዱ ጫማዬ ባጃጁ ውስጥ ቀረ።

ዶክተር ትዕግሥት የምትባል፣ ፊቷ የልጅ፣ ድምፅዋ የትልቅ ሰው የሆነ ሐኪም ተቀበለችኝ። ቁስሉን ከፍተው መግሉን አወጡ፤ ከመግሉም ጥቂት ወስደው ካልቸር ለሚባል ምርመራ ላኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኋት።

«አባቴ፣ እርሾ ሊጥ ውስጥ እንደሚበዛ ሁሉ ባክቴሪያውን እናበዛዋለን። ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እናያለን» አለችኝ።

ይህስ ገባኝ። ከቀናት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ክሎክሳሲሊን የሚባል መድኃኒት ይገድለዋል ተባለ።

«ደስ ይበልዎ፣ መድኃኒቱ አለን» አለች። «ግን አጥንት ውስጥ ገብቷል። አጥንት ውስጥ ቤት የሠራ ባክቴሪያ በሳምንት አይወጣም። ስድስት ሳምንት ሳያዛንፉ መውሰድ አለብዎ፤ መጀመሪያ በደም ሥር፣ ሲሻልዎ በሚዋጥ።»

«እግሬስ?»

«ካላዛነፉ ይተርፋል። ካዛነፉ ወደ ደምዎ ይሠራጫል፤ ያኔ ሕይወትዎን ለማትረፍ ከጉልበት በታች መቁረጥ ግድ ይሆንብናል።»

ልጆቼ፣ ቤተሰብ ያለው ሰው እግሩን ቢያጣ ልጅ አለው፣ ሚስት አለችው፤ ውሃ ያቀብሉታል፣ ደግፈው ፀሐይ ያወጡታል። የኔ ልጅ እግሬ ነው። ውሃ የሚቀዳልኝ፣ እንጨት የሚያመጣልኝ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝ እሱ ነው። በርጩማ ስጠርብም እንጨቱን ረግጦ የሚይዝልኝ እሱ ነው። እሱ ከሄደ እኔም ከዚያች ክፍል አልወጣም፤ ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ።

ተኝቶ መታከም ለካ ሰው ይፈልጋል። መርፌውን ነርሶቹ ይሰጣሉ፤ የቀረውን ሁሉ የሚያደርገው አስታማሚ ነው። ከየአልጋው ሥር የአስታማሚ ምንጣፍ ተዘርግቷል። አንዱ ምሳ ዕቃ ይከፍታል፣ አንዱ በሽተኛውን አቅፎ ሽንት ቤት ያደርሳል፣ አንዱ የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ ይሮጣል። ከኔ አልጋ ሥር ያለው ያ አንድ እግር ጫማዬ ብቻ ነበር።

የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የጎረቤት ጠያቂ ሙዙን ይዞ ሲገባ «ጋሼ፣ እርስዎ ሰው የለዎትም?» ማለቱ አይቀርማ። የሚያንኮራፋን ሰው ግን ማንም አይጠይቅም። ሰዓቱ እስኪያልቅ የውሸት ሳንኮራፋ ጉሮሮዬ ይነድዳል። የነቃችብኝ ሲስተር ድርቤ ብቻ ናት።

«አባባ፣ እንቅልፍዎ ሙዝ የያዘ ሰው ሲያይ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለችኝ አንድ ቀን፣ መርፌውን እያዘጋጀች።

«ሙዝ ያስተኛል ሲባል አልሰማሽም?» አልኋት። ሳቀች፤ ዳግመኛም አላነሳችብኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ዋቅወያ ተኛ። የኑኑ ቁምባ ቡና ገበሬ ነው፣ የኔ እኩያ፣ ረጅም፣ ከሲታ። የቡናውን ጥላ ዛፍ ሲመለምል ቅርንጫፍ ወድቆበት ጭኑ ተሰንጥቆ፣ ቁስሉ አመርቅዞበታል። ልጁ ጂሩ፣ መምህር የሆነ ጎልማሳ ሰው፣ እያስታመመው ነበር።

ዋቅወያ ገና ጎኑ አልጋ ከመንካቱ ወደ እኔ ዞሮ «አከም ጂርታ?» አለኝ፤ እንዴት ነህ ማለት ነው።

«ነጋ፣ ገለተ ዋቃ» አልሁት፤ ደህና፣ ለአምላክ ምስጋና።

«እንዴ! ኦሮምኛ ታውቃለህ?»

«የኪራሙ ኦሮምኛ ናት። በሬ ለመግዛት ትበቃለች።»

«ለበሬ ከበቃች ለኔም ትበቃለች» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ጭኑን አመመውና «ዋዮ!» አለ።

ጂሩ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት አንጮቴ ነበር። ወለጋ ላልኖራችሁ ልንገራችሁ፤ አንጮቴ እንደ ድንች ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ነው፤ አጥንት ይጠግናል ይባላል፤ አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ ይሰጣል።

«ኮቱ ኛዹ» አለኝ ዋቅወያ።

«ይባረክ፣ ብሉ» አልሁ እንደ ደንቡ።

«ምን ይባረክ ትለኛለህ! የኔ ሥጋ ነው የታመመው፣ ያንተ ግን አጥንት ነው። አንጮቴው የመጣው ላንተ ነው ማለት ነው። ብላ!»

«ጾም ነው፣ ቅቤ አለበት።»

«ጂሩ፣ ነገ ቅቤ የሌለው አምጣ» አለ። «እናንተ ኦርቶዶክሶች አልጋ ላይ ወድቃችሁም ሆዳችሁን ትቀጣላችሁ።»

«እናንተ ጴንጤዎች ደግሞ ስትጸልዩ፣ እግዜር ጆሮው የከበደ ይመስል ትጮኹበታላችሁ» አልሁት።

በማግሥቱ ቅቤ የሌለው አንጮቴ መጣ። ሳምንት ሙሉ መጣ። በጠያቂ ሰዓት ዓይኔን መጨፈን ተውሁ፤ የሱ ጠያቂዎች የኔንም ግንባር እየዳበሱ «ማረን በል» ይሉኝ ጀመር። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ግንባሬን የነካው ሰው ማን ነበር ብዬ ባስብ ትዝ አላለኝም።

የዋቅወያም መግል ተመርምሮ ውጤቱ መጣ። ዶክተር ትዕግሥት ጂሩን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ አነጋገረችው። ለሱ ቁስል የሚሆነው መድኃኒት ያኔ በከተማው አልተገኘም፤ እስከዚያው ባለው እየረዱት ጂሩ ማዘዣውን በደረት ኪሱ ከትቶ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ። «በሦስት ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ነበር። ምግብ ታመላልስ የነበረችው ዘመዳቸውም ሲሬ ለቅሶ ሄደች። ሦስቱ ቀን አምስት ሆነ፤ ስልኩም አይሠራም። ዋቅወያ «መንገዱ ይሆናል» እያለ በሩን ያያል። ትኩሳቱ ረገብ ይልና ይመለስበታል። አሁን ከሁለታችንም አልጋ ሥር ምንጣፍ የለም።

እኔ ግን እየተሻለኝ ነበር። እብጠቱ ሟሸሸ፣ ትኩሳቱ ጠፋ። በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ፣ ሰኞ ቀን፣ መርፌው ተነቅሎልኝ ወደሚዋጠው ተዛወርሁ። ሲስተር ድርቤ ካፕሱሎቹን በወረቀት ከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ።

«በየስድስት ሰዓቱ ሁለት ሁለት፣ በባዶ ሆድ። እንዳይረሱ አባባ።»

«ምን ሌላ ሥራ አለኝና እረሳለሁ» አልኋት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱን ካፕሱል መዳፌ ላይ አድርጌ ውሃዬን አነሳሁ። ቀና ብል ዋቅወያ ያየኛል። ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ነው፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሳምንት ሙሉ የበላሁት የሱን አንጮቴ ነው፤ አጥንቴ ይጠገን ብሎ ነው የሰጠኝ። ለሱም የታዘዘው አንቲባዮቲክ ነው፣ ለኔም አንቲባዮቲክ፤ የሱም ቁስል መግል ነው፣ የኔም መግል። ስሙ አንድ ከሆነ ምን ልዩነት አለው? እንዲህ ነው ያሰብሁት፣ አትፍረዱብኝ። በሰው ፊት ብቻዬን ልውጥ? እጄን ዘረጋሁለት።

«እንብላ» አልሁት።

ሲጀመር እንደ ቀልድ ነበረች። እሱም ሳቀ። እጄ ግን ተዘርግታ ቀረች።

«ሚቲ፣ ያንተ ነው» አለ፤ አይሆንም ማለቱ ነው።

«የተዘረጋ እጅ ልትመልስ ነው?»

ይህን ከሰማ በኋላ ምን ይበል? በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ መዳፉን ወደ አፉ አደረገ፣ ውሃ ተጎነጨበት። «ገለቶሚ» አለኝ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። እኔም የቀረችዋን ዋጥሁ። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር አንድ ለኔ፣ አንድ ለሱ።

ደግነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንዳይሞትብኝ ነው። ያ አልጋ ባዶ ከሆነ እኔ ደግሞ ወደ ውሸት ማንኮራፋቴ ልመለስ ነው፤ እሱን ፈርቼ ነው።

ሐሙስ እግሬ መሞቅ ጀመረ። ዓርብ ትኩሳቱ መጣ። ቅዳሜ ፋሻው ሲፈታ መግሉ ተመልሷል። ዶክተር ትዕግሥት ጎንበስ ብላ ቁስሉን አየች። ቀጥላ እንዲህ አለች፦

«ይህ መድኃኒት ይገድለዋል ተብሎ ነበር። በደም ሥር ስንሰጥዎም ገድሎት ነበር። አሁን ምን ሆነ? አባቴ፣ በትክክል እየዋጡ ነው?»

ሲስተር ድርቤ ከኋላዋ ቆማለች። እውነቱን ብናገር «ለምን እያየሽ አላስዋጥሽም» ተብላ እሷ ልትወቀስ ነው። ዋቅወያም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሰው መድኃኒት የበላ ሊባል ነው። ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተከልሁ።

«አዎ» አልሁ።

ጻፈች። እስክሪብቶዋ ቅልጥሜ ላይ የሚሄድ መሰለኝ።

በዚያው ዕለት ቀዶ ጠጋኙ ሐኪም መጥቶ አየኝና ከእሷ ጋር ተመካከሩ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶታል ብለው ገመቱ፤ ለተላመደው የሚሆነው ሌላ መድኃኒት ደግሞ በእጃቸው የለም። ወደ ደም ሳይገባ ሰኞ ጠዋት እግሩ ይቆረጥ አሉ። ይህን ስትነግረኝ ዶክተር ትዕግሥት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ ስለ ውሃው ነበር የማስበው፤ ያከራዬ ቧንቧ ግቢው ማዶ ነው፣ ስድስት ደረጃ አለው።

አሁንስ ለምን እውነቱን አልተናገርህም ትሉኛላችሁ። አንዴ «አዎ» ብያለሁ። ሽማግሌ ሰው ቃሉን ማጠፍ ከእግሩ በላይ የሚከብደው ቀን አለ፤ ሞኝነት ነው፣ ግን አለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ድርቤ ወረቀት ይዛ መጣች።

«እዚህ ላይ እርስዎ ይፈርማሉ። ከሥሩ ደግሞ አንድ ቤተሰብ።»

እምነት ጋ ደወለችልኝ፤ አልገባም። ደግማ ደወለች፤ አልገባም።

«ሌላ ሰው የለም፣ አባባ?»

ዙሪያዬን አየሁ። በየአልጋው ሥር ያሉት አስታማሚዎች ሁሉ ጀርባቸውን የሰጡኝ መሰለኝ። ከዚያ ዋቅወያን አየሁት።

«እሱ ወንድሜ ነው፤ እሱ ይፈርማል» አልሁ።

ሲስተር ድርቤ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች፤ የኪራሙ አማራና የኑኑ ቁምባ ኦሮሞ ወንድማማች የሆኑት መቼ ነው አላለችም። ፈረምሁ። ዋቅወያ ፊደል ስለማይጽፍ ሰማያዊውን የማኅተም ቀለም አቀረበችለት። በውራ ጣቱ ቀለሙን ነካ፤ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ቆም አለ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«የሐኪም ቤት ወረቀት ነው፤ ዝም ብለህ አትምልኝ።»

ወደ ድርቤ ዞሮ በኦሮምኛ ጠየቃት። እግሩ ነገ ሊቆረጥ ነው አለችው።

«ማሊፍ?» አለ፤ ለምን?

«መድኃኒቱ አልሠራለትም።»

ያች ሰማያዊ ጣቱ አየር ላይ ቀረች። ወረቀቱን በክንዱ ገፋ አደረገና እጁን ትራሱ ሥር ከተተ። ጫፉ ቀይ የሆነ ነጭ መሐረብ አወጣ፤ ተቋጥሯል። ቋጠሮውን በዚያችው ጣቱ ፈታው። የኔ ካፕሱሎች ናቸው። ከሰኞ ጀምሮ «እንብላ» እያልሁ የሰጠሁት ሁሉ፣ አንድም አልጎደለም፤ መሐረቡ ላይ እንደ በቆሎ ዘር ተበተኑ።

«አልዋጥኸውም?» አልሁት።

«አልዋጥሁም።»

«ለምን?»

«አንተ ሰው የለህማ!» አለ፣ የተቆጣ መስሎ። «የኔ ልጅ ቢዘገይም ይመጣል። ያንተ መድኃኒት ሲያልቅ ማን ያመጣልሃል? ሲያልቅብህ ልሰጥህ ነው ያስቀመጥሁት። እምቢ ልበልህ? ያን ያህል ዘርግተህልኝ እንዴት ነው እምቢ የምልህ?»

እሱ እንዳይሞትብኝ እሰጣለሁ፤ እሱ እኔ እንዳላጣ ይደብቃል። በሁለታችን መካከል ማንም ያልዋጠው መድኃኒት ትራስ ሥር ተኝቶ እግሬ ሊሄድ ነበር። ልስቅ ነው ብዬ አፌን ስከፍት የመጣው ዕንባ ነው።

ድርቤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ያ ዋቃ ኮ፣ አምላኬ! ሁለት ሽማግሌዎች!» ብላ ወረቀቱን ይዛ ሮጠች።

ዶክተር ትዕግሥት ከቤቷ ተጠርታ መጣች። ካፕሱሎቹን አንድ በአንድ ዓይታ መሐረቡን አጠፈችው። ትቆጣኛለች ስል አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷም የባሰ ከበደኝ።

«የሳቸው ባክቴሪያ ሌላ ነው፤ ይህን መድኃኒት አይፈራም። ቢውጡት ኖሮ ለሳቸው ውሃ ነው» አለች። «እርስዎ ደግሞ ግማሹን ነው የወሰዱት። ግማሽ መድኃኒት ባክቴሪያን አይገድልም፤ ያስተምረዋል። አባቴ፣ በምግብ እንብላ ይባላል። ይህ ግን እንብላ አይባልበትም። ይህ የራስዎ ብቻ ነው።»

«በሲስተር ድርቤ አትፍረጂ፤ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ» አልኋት።

«ከዛሬ ጀምሮ አፍዎን ከፍተው ሳታይ ከአጠገብዎ አትሄድም፤ ቅጣቱ ለሁለታችሁም ይበቃል።» የመቁረጡን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «ዕድል ካለን ባክቴሪያው ገና አልተላመደም። ሰኞ ቀዶ ጥገና ክፍል ይገባሉ፤ ግን ቁስሉን አጥበን የሞተውን አጥንት ልንፍቅ ነው። ከዚያ ስድስቱን ሳምንት ከአንድ እንጀምራለን።»

መርፌው ያን ዕለት ተመልሶ ክንዴ ላይ ተተከለ። ዋቅወያ በጎኑ ተኝቶ ያየኝ ነበር። ሲመሽ «ሂን ሶዳቲን» አለኝ፤ አትፍራ ማለት ነው። እኔም «አንተም» አልሁት።

ሰኞ ወሰዱኝ። ማደንዘዣው ሲለቀኝ መጀመሪያ እግሬን በእጄ ፈለግሁት። አለ። በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እየጠዘጠዘ፣ አለ። «ዋቅወያ፣ አለልኝ!» ብዬ ዞርሁ።

አልጋው ተነጥፏል። አንሶላው ተወጥሮ እጥፋት እንኳ የለበትም።

ደነገጥሁ። ሲስተር ድርቤ ፊቴን ዓይታ ቶሎ መጣች።

«ደህና ነው፣ ደህና ነው! ልጁ ጂሩ መጣ። አዲስ አበባ አልጋ አግኝቶለት፣ መኪና ይዞ መጥቶ ወሰደው። መድኃኒቱ የሚሰጠው እዚያው ተኝቶ ስለሆነ ቶሎ መድረስ ነበረበት።»

«አልተሰናበተኝም?»

«ቀስቅሱልኝ ብሎ ነበር። እርስዎ ገና ቀዶ ጥገና ክፍል ነበሩ። ትንሽ ጠበቀ፤ መኪናው ግን አልጠበቀም። ቅቤ የሌለው አንጮቴ ይብላ በሉልኝ አለ። ይህንንም ስጡልኝ አለ።»

መሐረቡን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። መሃሉ ላይ የውራ ጣቱ ሰማያዊ አሻራ አለ፤ የኔ መቆረጫ ወረቀት ላይ ሊያርፍ የነበረው አሻራ።

ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ። ከዚያ ቀኑ ረዘመ። ያ አልጋ ላይ ሰው ይተኛል፣ ሰው ይነሳል፤ ስማቸውን አልያዝሁም። የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ዓይኔን ጨፍኜ አንኮራፋለሁ። ወደሚዋጠው ስመለስ ድርቤ ከፊቴ ቆማ «አ ይበሉ አባባ» ትለኛለች፤ ሁለቱንም እውጣለሁ፣ አፌን ከፍቼ አሳያታለሁ። «እንብላ» የምትለው ቃል ግን በየቀኑ አራት ጊዜ ምላሴ ድረስ ትመጣለች። በውሃ ወደ ታች አወርዳታለሁ። ክሎክሳሲሊን አይመርም፣ ልጆቼ፤ የመረረኝ እሷ ናት።

የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት ቤትዎ ይጨርሱ ተባልሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ካለች ሱቅ ኮንጎ ጫማ ገዛሁ፣ ጥንድ። ሻጯ «ቁጥርዎ ስንት ነው?» ስትለኝ ሁለቱንም እግሬን ዘርግቼ አሳየኋት። አንዱ ቀጥኗል፤ ቢሆንም የራሴ ነው። ባጃጅ አልያዝሁም፤ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድሁ፣ እያረፍሁ። እነዚያን ስድስት ደረጃዎች ወጥቼ ውሃዬን ቀዳሁ።

ቤት ውስጥ፣ ምግብ ላይ ሳለሁ አከራዬ ካለፉ «እንብላ» እላለሁ። ካፕሱሉ ላይ ሳለሁ ካለፉ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ጨረስሁት። አንድም አላጎደልሁም።

ድርቤ የጂሩን ቁጥር ሰጥታኝ ነበር። ስደውል አይገባም። ሳምንት ቆይቼ ደወልሁ፤ አይገባም። ወደ አገራቸው ወደ ኑኑ ቁምባ ተመልሰው ይሆናል፤ እዚያ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል ይላሉ። ዋቅወያ ይዳን፣ ገና ይተኛ፣ ወይ ሌላ ይሁን፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም። እንግዲህ የቀረው እግር ነው።

ባለፈው ማክሰኞ በማለዳ ቅቤ የሌለው አንጮቴ ቀቅዬ በምሳ ዕቃ ያዝሁና መናኸሪያ ሄድሁ። ትኬት የምትቆርጠው ሴት ከመስኮቷ ውስጥ አየችኝ።

«የት ነው አባባ?»

«ኑኑ ቁምባ።»

«ማን ጋ ነው የሚሄዱት?»

«ዋቅወያ ጋ።»

«የትኛው ዋቅወያ?» ሳቀች። «እዚያ አገር ዋቅወያ በየቡናው ሥር ነው!»

«ጭኑን ያመመው። ልጁ መምህር የሆነ፣ ጂሩ የሚባል።»

«እኔስ አላውቅም። መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ነው የሚያወርድዎ። ከዚያ በየቡናው ውስጥ በእግርዎ እየጠየቁ ነው የሚፈልጉት።» አንገቷን አስግጋ እግሬን አየች። «ይችላሉ?»

ኪሴን ዳበስሁ። መሐረቡን አጥቤዋለሁ፤ አሻራው ግን አልለቀቀም።

«እችላለሁ» አልኋት።

ገብቼ መስኮት አጠገብ ተቀመጥሁ። ምሳ ዕቃውን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ገብቶ ባዶ የቀረው አጠገቤ ያለው ወንበር ብቻ ነው፤ እሱ ካልሞላ መኪናው አይነሳም። የሚቀመጥበትን ሰው «እንብላ» ልለው ጠበቅሁ።